የኢተፋ ፔጆ እንዴት ባለሥልጣን ሆነች

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እውነት ነው። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ጨምሬበት ከሆነ የሶደሬ ፍል ውሃ ይቀቅለኝ፤ ከዚያ የተረፈውን የአዋሽ አዞ ይጨርሰው። እንዲያውም ሰው አያምነኝም ብዬ ከእውነቱ ላይ ቀነስኩለት እንጂ አልጨመርኩም። የተጠራጠረ ናዝሬት ወርዶ ይጠይቅ። በዚያ ዘመን መኪና የነበረው ሁሉ ታሪኩን ያውቀዋል፤ መኪና ያልነበረው ደግሞ አብልጦ ያውቀዋል።

ዘመኑ 1976 ዓ.ም. ነው። አብዮቱ አሥር ዓመት ሊሞላው ወራት ቀርተውታል። ኢተፋ ሆራ ከመልካሳ ቲማቲም እየጫነ ናዝሬት ገበያ የሚያራግፍ፣ ቁመቱ ዘለግ፣ ንግግሩ ቁጥብ ያለ ሰው ነበር። ንብረቱ አንዲት ነጭ ፔጆ ፒካፕ ናት። ፔጆዋን በስጦታ አላገኛትም፣ በውርስም አልመጣችለትም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለአንድ ጣሊያን መካኒክ ሾፌርም፣ ዘበኛም፣ ሲያስፈልግ ወጥ ቀማሽም ሆኖ ኖሮ፣ ጣሊያኑ አገሩ ሲገባ ለድካሙ የተወለት እሷን ነው። ስለዚህ ኢተፋ ፔጆዋን ሲያይ መኪና አይደለም የሚያየው፤ ከዕድሜው ላይ የተቆረጠ አሥራ አንድ ዓመት ጎማ አውጥቶ የቆመ ነው የሚመስለው።

በየማለዳው ያጥባታል። ሚስቱ ዘርፉ በረንዳው ላይ ቆማ፣

“አንተ ሰው፣ ለእኔ እግር አንድ ቀን ውሃ አሙቀህ ታውቃለህ?” ትለዋለች።

“አንቺ ጎማ የለሽማ!” ይላታል።

ታዲያ በዚያ ዓመት በፔጆዋ ላይ ሁለት መከራ መጣ። የመጀመሪያው ኬላው ነው። ኬላ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከመልካሳ ወደ ናዝሬት ሲመጣ፣ ከአንድ ግራር ወደ ሌላ ግራር የተወጠረ ገመድ ነው። አጠገቡ ዳስ አለ፤ ዳሱ ውስጥ ወርቄ የሚባል ጠባቂ አለ። ወርቄ እዚያ የተቀመጠው ከአርሲ በኩል እህል ያለ ፈቃድ እንዳያልፍ ሲሆን፣ መሣሪያው ክንድ ተኩል የሚሆን ሹል ብረት ነው፤ ጆንያ ወግቶ ውስጡ ጤፍ ይሁን ስንዴ የሚያይበት። ብረቱ የተሠራው ለጆንያ ነው። ወርቄ ግን አድልዎ የማያውቅ ሰው ነበርና ሽንኩርቱንም፣ ጎመኑንም፣ ቲማቲሙንም እኩል ይወጋዋል።

“ጓድ ወርቄ፣ ቲማቲም እኮ ነው። በዓይን ይታያል” ይለዋል ኢተፋ።

“ላዩ ቲማቲም ነው። ሥሩን ማን አየው?”

“ሥሩም ቲማቲም ነው።”

“ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት” ይልና ወርቄ ይወጋል። ብረቱ ሲወጣ ቀይ ያንጠባጥባል። ወርቄ የዘመኑ ሰው ነውና ቀይ ሲንጠባጠብ አይደነግጥም፤ ብረቱን በሣር ጠርጎ በደብተሩ ላይ ስንት ሰው እንዳለፈ ይጽፋል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው መኪና ይሄዳል። የኢተፋ ጭነት ገበያ ሲደርስ ግማሹ ሽንኩርትና ዘይት ብቻ የቀረው ስልስ ነው።

ይህንን መከራ ኢተፋ ለምዶት ነበር። ሁለተኛው ግን እንቅልፍ ነሳው። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ተክለሃይማኖት፣ ስሙ የጻድቅ ሥራው የቀበሌ የሆነ ሰው፣ ጥር ላይ አንድ እሁድ ጠዋት ነዋሪውን ሰብስቦ እንዲህ አለ፦ “ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ዝግጅት፣ በግለሰብ እጅ ያለ ፒካፕ ሁሉ ተመዝግቦ ይሰበሰባል። ስጋት አይግባችሁ፤ ጊዜያዊ ነው።”

ያቺን ቃል ሲሰማ ባለ ፒካፑ ሁሉ ኪሱ ውስጥ ቁልፉን ጨበጠ። ጊዜያዊ ማለት ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃላ! መንግሥት ራሱ ጊዜያዊ ነኝ ብሎ መጥቶ አሥረኛ ዓመቱን ሊደግስ ነው።

“በቃ ሄደች” አለ ገርባ ከስብሰባው ሲወጡ። ገርባ የኢተፋ ባልንጀራ ነው፤ እሱም ሰማያዊ ቶዮታ ፒካፕ አለችው። “እኔ የቶዮታዬን እርም አውጥቻለሁ። አንተም አልቅሰህ ይውጣልህ።”

“የእኔዋን አይወስዷትም።”

“በምን ታስቀራታለህ? ደርግ ልትገባ ነው?”

ኢተፋ ፔጆዋን አስነስቶ በቀጥታ ወደ ኑሬ ጋራዥ ነዳ።

ኑሬ የመኪና ኤሌትሪክ ሠሪ ነው። የሞተ ባትሪ በጥፊ መትቶ ያስነሳል እየተባለ የሚወራለት፣ እጁ ሽቦ ምላሱ ደግሞ ሽቦ የነካው ዓይነት ሰው። የኢተፋን ነገር ከፔጆዋ ቦኔት ሥር እንዳጎነበሰ ሰምቶ ሲጨርስ ቀና አለ።

“ጋሼ ኢተፋ፣ የመንግሥትን መኪና ማን ይመዘግባል?”

“ማንም።”

“በቃ፣ የመንግሥት እናድርጋታ!”

“አብደሃል? የእኔ ናት እንጂ የመንግሥት አይደለችም።”

“እኔና አንተ እናውቃለን። ሌላው ሰው በምን ያውቃል? አንተ ራስህ የመንግሥትን መኪና በምን ታውቃለህ? ታርጋ አንብበህ ነው? ጣራው ላይ ቀይ ነገር ሲዞር ስታይ አይደለም እንዴ ዳር የምትይዘው?”

ኢተፋ አሰበ። እውነት ነው፤ በሕይወቱ ታርጋ አንብቦ ዳር ይዞ አያውቅም።

ኑሬ ከተሰባበረ ፊያት የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ፈታ። ሞተሩ ላይ የመስታወት ስባሪ አሰረ፣ መሃሉ ላይ አምፖል ተከለ። ሲያበራው መስታወቱ እየዞረ ብርሃኑን እንደ ጅራፍ ወዲያና ወዲህ ይገርፈዋል። የጠፋው ቀይ ክዳን ነው። በናዝሬት ጋራዦች ሁሉ ቢፈለግ ቀይ ክዳን የለም። ኢተፋ ቤቱ ገባና ዘርፉ ጎረቤት እስክትሄድ ጠብቆ፣ የውሃ መቅጃዋን ትልቁን ቀይ የፕላስቲክ ጆግ በጋቢው ሸፍኖ አወጣው።

ኑሬ ጆጉን ገለበጠው፣ በመጋዝ እጀታውን ቆርጦ ጣለው፣ ጣራው ላይ በአራት ብሎን አሰረው።

“እጀታውን ለምን ቆረጥከው?” አለ ኢተፋ ዘርፉን እያሰበ።

“መንግሥት እጀታ የለውማ! አንዴ ከመጣ በምንም አይያዝም።” ከዚያ ኑሬ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “አሁን ስማኝ ጋሼ። አንድ ሕግ ብቻ አለህ። ማንም ምን ቢጠይቅህ አትመልስ። የሚመልስ ሰው ተራ ሰው ነው። ዝም ካልክ ግን የሚጠይቅህ ሰው ራሱ መልሱን ይሠራልሃል።”

በማግስቱ ኢተፋ ቲማቲሙን ጭኖ ከመልካሳ ተነሳ። ኬላው ጋ ሲደርስ ጠራራ ፀሐይ ነው፤ አሥራ ሁለት መኪና ተሰልፏል። ከኋላ ቆሞ ማብሪያውን ሊነካ እጁን ዘረጋ፣ መለሰ፣ እንደገና ዘረጋ። ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል። “አንዴ ነው የምሞተው” አለና ተጫነው። ጣራው ላይ፣ ጆጉ ውስጥ፣ ቀይ ብርሃን መዞር ጀመረ። ኢተፋ ከሰልፉ ወጥቶ በግራ በኩል ነዳ።

ሾፌሮቹ አንገታቸውን አወጡ። ወርቄ ብረቱን የአንድ ሰው ጆንያ ውስጥ እንደሰካ ቀና አለና ነጯን ፔጆ አየ። ከትናንት ወዲያ ጭነቷን የወጋባት ፔጆ መሆኗን አላወቀም ማለት አይቻልም፤ ቲማቲሙም ያው ቲማቲም፣ ሾፌሩም ያው ሾፌር ነው። ግን ላይዋ ላይ ቀይ ይዞራል። ወርቄ ብረቱን ጥሎ ሮጠ፤ ገመዱን ፈቶ መሬት ላይ አነጠፈው፤ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሰላምታ ሰጠ።

“ጓድ!” አለ።

ኢተፋ አገጩን በግማሽ ጣት ያህል ዝቅ አደረገና አለፈ። ከኬላው ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ መኪናዋን አቆመና ወርዶ ጭነቱን ዞሮ ፈተሸ። ቲማቲሙ አንድም ሳይወጋ ገበያ ገባ።

ከዚያ ወዲያ የኢተፋ ኑሮ ሌላ ሆነ። ማደያ ሲገባ ወረፋው ይከፈትለታል። ትራፊክ ሲያየው ሌላውን መኪና ያስቆምለታል። ጥቁር መነጽር ገዛ፤ ዝም ማለት ከጥቁር መነጽር ጋር ሲሆን ዝም የሚያሰኝ ነገር አለው። ዘርፉ ሦስት ቀን ጆጓን ስትፈልግ ሰንብታ፣ በአራተኛው ቀን ግቢ ውስጥ በቆመችው ፔጆ ጣራ ላይ ቀና ብላ አየችው።

“ምነው እመቤቴ! ይኼ የእኔ ጆግ አይደለም?”

“ቀስ በይ! ሰው ይሰማል።”

“ለዘመድ ሰርግ ሳውሰው እንኳ ‘በሰላም ይመለስ’ ብዬ የምሰጠውን ዕቃ ጣራ ላይ ሰቅለህ ሾምከው?” ብላ ወገቧን ይዛ ቆየችና፣ ሳቋ አሸነፋት። “ለመሆኑ ማዕረጉ ምንድን ነው? ሻምበል ጆግ ነው ሻለቃ ጆግ?”

ነገሩ በዚህ ቢቆም ጥሩ ነበር። መብራት ግን የሰቀለው ሰው ብቻ አይደለም የሚያየው።

ሚያዝያ ላይ ኢተፋ ከመልካሳ ሲወጣ ሴቶች መንገዱ መሃል ተደርድረው ቆሙበት። በቃሬዛ ላይ ሀጂራ የምትባል ልጅ እግር ሴት ተኝታ ታቃስታለች፤ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው። ፊት የቆመችው አሮጊቷ አዋላጅ ፋዲላ ናት።

“ያ ረቢ! አምቡላንሱ መጣ!” አለች ፋዲላ እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ። “ኦቦ፣ ረቢ ነው የላከህ!”

“እማማ፣ እኔ ቲማቲም ነው የጫንኩት” አለ ኢተፋ የኑሬን ሕግ ረስቶ።

“ይሻላል! ቲማቲም ይለሰልሳል!”

ሊናገር አፉን ሳይከፍት ሀጂራን ቲማቲሙ ላይ ጆንያ አንጥፈው አስተኟት፤ ፋዲላም አጠገቧ ወጣች። ኢተፋ መብራቱን አበራ፤ እንዲህ ፈጥኖ ነድቶ አያውቅም። ኬላው ጋ ሲደርስ ወርቄ ገመዱን ሊፈታ እየሮጠ፣ እንደ ልማዱ ተሳፋሪውን በዓይኑ ቆጥሮ በደብተሩ ላይ “ሦስት ሰው” ብሎ ጻፈ። ገመዱ ተቋጥሮ እምቢ አለው። ወርቄ ከቋጠሮው ጋር ሲታገል፣ ከኋላ ከቲማቲሙ መሃል የሕፃን ለቅሶ ተሰማ።

ፋዲላ እልል አለች። ወርቄ ደብተሩን አየ፣ መኪናዋን አየ፣ ደግሞ ደብተሩን አየ።

“ሦስት ብዬ ጽፌያለሁ” አለ። “አራተኛው ከየት መጣ?”

“ከሀጂራ!” አለች ፋዲላ።

“ሲገባ አልተቆጠረም እኮ። የይለፍ ወረቀት አለው?”

“አንተ ስትወለድ ነበረህ?”

ወርቄ ይህን ብዙ አሰበበት። በመጨረሻ እርሳሱን በምላሱ አርጥቦ፣ “ሦስት ሰው” ከሚለው ቀጥሎ “እና ጓዝ” ብሎ ጻፈና ገመዱን በጥርሱ ፈታው። እናትም ልጅም በደህና ሆስፒታል ገቡ። ቲማቲሙን ግን ማንም ሊገዛው አልደፈረም።

ወሬው ከመልካሳ እስከ ሁሩታ በአንድ ገበያ ቀን ተዳረሰ። ከዚያ በኋላ ኢተፋ መንገድ በወጣ ቁጥር አንድ ሰው ይጠብቀዋል፦ ከዛፍ የወደቀ፣ በሬ የወጋው፣ ንብ የነደፈው፣ አንድ ጊዜም ቤተ ክርስቲያን ሊስም እግሩን የደከመው ደብተራ። ጣራው ላይ ቀይ እያዞሩ “አይመለከተኝም” አይባልም። ቲማቲሙ እንዳይወጋ ብሎ ነው መብራቱን የሰቀለው፤ አሁን ቲማቲም የሚጭንበት ቀን አጣ። ግን እውነቱን ለመናገር፣ አልከፋውም። “ኦቦ ኢተፋ፣ ነገያ!” እያሉ ሰላም ሲሉት፣ እናቶች እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሲመርቁት፣ ማታ ለዘርፉ እየነገራት ይቆያል። ደግሞም ዋናው ነገር ያው ነው፦ ፔጆዋ በእጁ ናት።

ሰኔ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጓድ ተክለሃይማኖት ራሱ ግቢው ድረስ መጣ። ኢተፋ መኪናዋን እያጠበ ነበር፤ ሊቀመንበሩን ሲያይ ጨርቁ ከእጁ ወደቀ። “አለቀልኝ” አለ በልቡ። ሊቀመንበሩ ግን ቆቡን አወለቀ። ወንበር ሲሰጠው ጫፉ ላይ ብቻ ተቀመጠ።

“ጓድ ኢተፋ፣ እንዴት ነዎት?” አለ።

“አንተ” ሲለው የኖረ ሰው “እርስዎ” ሲለው ኢተፋ ወደ ኋላው ዞር ብሎ አየ፤ ሌላ ሰው የቆመ መስሎት።

“ከየትኛው ክፍል ጋር እንደሚሠሩ አልጠይቅም” አለ ተክለሃይማኖት ቆቡን እያሽከረከረ። “የሚጠየቅ ነገር እንዳልሆነ ይገባኛል።”

ኢተፋ የኑሬ ሕግ ትዝ አለው። ዝም አለ።

“አዎ፣ ገብቶኛል” አለ ሊቀመንበሩ፤ ግንባሩ ላይ ላብ መጣ። “ብቻ አንድ ችግር አለብኝ። እንዲህ ያለ ተሽከርካሪ በቀበሌዬ ውስጥ ሲመደብ እኔ አለማወቄ በላይ በኩል ቢሰማ፣ ‘ይኼ ሰውዬ ምን ሲጠብቅ ነው?’ ይባላል። ልጆች አሉኝ። እና... እንደማውቅ አድርጌ ሪፖርት ብጽፍ ይፈቅዱልኛል?”

ኢተፋ አሁንም ዝም። ከጀርባ ዘርፉ መጥረጊያዋን ይዛ ቆማ በዓይኗ “መልስ!” ትለዋለች፤ ምን ብሎ እንደሚመልስ ግን ዓይኗ አይናገርም። ኢተፋ ሰውዬው ከግቢው እንዲወጣለት ብቻ ፈለገ። አገጩን ዝቅ አደረገ፤ ለወርቄ እንደሚያደርገው፣ በግማሽ ጣት ያህል።

“እግዚ... አብዮት ይስጥልኝ!” አለ ሊቀመንበሩ፣ እጁን ጨብጦት ወጣ።

ነሐሴ ላይ ፒካፖቹ ተሰበሰቡ። የናዝሬት ፒካፕ ሁሉ ስታዲየሙ አጠገብ ተደረደረ፤ ባለቤቶቹ ቁልፋቸውን እያስረከቡ፣ ከልጃቸው የተለዩ ይመስል ጎማ እየዳሰሱ ተመለሱ። ገርባ ቶዮታውን ሰጥቶ ሲመለስ ኢተፋ መብራቱን አብርቶ በአጠገቡ አለፈ። መዝጋቢዎቹ ከወንበራቸው ተነሱለት።

“አንተ ቀጣፊ!” አለው ገርባ ማታ ጠጅ ቤት ተገናኝተው። “እኛ በእግራችን ስንሄድ አንተ በጆግ ትሄዳለህ!”

“ቀስ!” አለ ኢተፋ፤ ግን ይስቃል። “የመጣልህን ሐሳብ ማን ከለከለህ? የአንተ ሚስት ጆግ የላትም?”

“ቢጫ ነው ያላት።”

“እንግዲያው ታክሲ ሁን!”

በዚያ ማታ ኢተፋ ለሁሉም ጋበዘ። ጠጅ ቤቱ ውስጥ መኪና የቀረለት ሰው እሱ ብቻ ነበር።

መስከረም መጣ፤ በዓሉ ተከበረ። ፒካፖቹ ባንዲራ ተሸከሙ፣ አግዳሚ ተሸከሙ፣ ዘማሪ ተሸከሙ። አላፊ አግዳሚው እንደማይመለሱ አስቦ አዝኖ ሸኛቸው። ከዚያ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ይህን ስጽፍ እኔም እጄ ይደናቀፋል፣ ሁሉም ተመለሱ! እያንዳንዱ ባለቤት ቁልፉን ሲረከብ “ለአብዮቱ በዓል ላደረጉት አስተዋጽኦ” የሚል፣ ማኅተም ያለበት የምስጋና ወረቀት ተሰጠው። የገርባ ቶዮታ እንዲያውም ለሰልፉ ሲባል ቀለም ተቀብታ፣ አራት አዲስ ጎማ ተገጥሞላት ነው የመጣችው።

የኢተፋ ፔጆ ግን አልተመለሰችም፤ ስላልሄደች። በምትኳ ደብዳቤ መጣ።

ዘርፉ ነች ያነበበችለት፤ እሱ መነጽሩን ቢያወልቅም ፊደሎቹ አልቆሙለትም። ደብዳቤው ሦስት ማኅተም አለው። በቀበሌው ሥር በአርአያነት ሲያገለግል የቆየው የአስቸኳይ ጊዜ ተሽከርካሪ የመንግሥት ታርጋ እንዲለጠፍለት፣ በቋሚነትም ሾፌር እንዲመደብለት መወሰኑን ይገልጻል። በመጨረሻው መስመር ላይ “እስካሁን በጊዜያዊነት ሲያሽከረክሩ የቆዩት ጓድ ኢተፋ ሆራ ይመሰገናሉ” ይላል።

“የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል” አለች ዘርፉ፤ ደብዳቤውን አጥፋ ጭኗ ላይ አደረገችው።

ኢተፋ መፍቻ ይዞ ተነሳ። ጣራው ላይ ወጥቶ አራቱን ብሎን ፈታ፤ ጆጉን በብብቱ ይዞ፣ ዘርፉን አስከትሎ፣ በቀጥታ ወደ ቀበሌው ቢሮ ሄደ። ጆጉን ሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ላይ ዘጭ አደረገው።

“ይህ ምንድን ነው?” አለ ተክለሃይማኖት።

“ጆግ ነው።”

“የምን ጆግ?”

“የውሃ ጆግ። ከላይ የመደበኝ የለም፣ ከታች የመደበኝ የለም። መኪናዋ የእኔ ናት። አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁባት የራሴ መኪና ናት። ወርቄን ፈርቼ፣ ምዝገባውን ፈርቼ፣ ጆግ ሰቀልኩ። ጥፋተኛ ነኝ፤ ቅጡኝ። መኪናዬን ግን ተዉልኝ።”

“ጓድ ኢተፋ፣ ቀልድ ይወዳሉ” አለ ሊቀመንበሩ፤ ግን አልሳቀም።

ዘርፉ ጆጉን አነሳችና ገልብጣ ቂጡን አሳየችው። በጋለ ሚስማር የተጻፈ “ዘ” አለበት፤ ከሥሩ ሦስት ነጥብ። “የእኔ ምልክት ነው” አለች። “ለሰርግና ለእድር ሳውስ እንዳይቀየርብኝ። ሳህኖቼም ላይ አለ፤ ከፈለጉ ሰው ይላኩና ይዩ። ሚስትዎ ራሷ ለልጃችሁ ክርስትና ይህንኑ ጆግ ተውሳኛለች።”

ተክለሃይማኖት ምልክቱን አየ። በጣቱ ዳሰሰው። በዚያ ክርስትና ቀን ከዚያ ጆግ ጠላ ሳይቀዳ አልቀረም፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ተነስቶ በሩን ዘጋ።

“ኢተፋ ወንድሜ” አለ፤ “እርስዎ”ው በሩ ሲዘጋ ውጭ ቀርቷል። “ይኼ ጆግ ከሆነ፣ እኔ ስለ ጆግ ሪፖርት ጽፌያለሁ። ወረዳው ጆግ አመስግኗል። አውራጃው ሌሎች ቀበሌዎች ከጆግ እንዲማሩ መመሪያ አውጥቷል። ክፍለ ሀገሩ ማኅተም መቷል። አሁን አንተ ‘ጆግ ነው’ ብለህ እዚያ ድረስ ብትሄድ፣ ማን የሚታሰር ይመስልሃል?”

“እኔ።”

“አንተማ ቀድመህ። ስምንት ወር ሙሉ መንግሥት መስለህ ኬላ ጥሰሃል። ከዚያ እኔ። ከዚያ ያመሰገነን ሁሉ። ስለዚህ ጆግ አይደለም።”

“ምንድን ነው ታዲያ?”

ሊቀመንበሩ ብዕር አንስቶ በደረሰኝ ላይ እየተናገረ ጻፈ፦ “የማስጠንቀቂያ መብራት ክዳን፣ ቀይ፣ አንድ። ተመላሽ ተደርጓል።”

“መኪናዬስ?” አለ ኢተፋ።

“የትኛዋ መኪናህ?”

ተክለሃይማኖት ይህን ያለው በክፋት አይደለም። እንዲያውም ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ሰው ስምንት ወር ዝም ብሎ ሲቆይ መልስ ሌላ ሰው ይሠራለታል፤ ከተሠራ በኋላ ደግሞ ማፍረሻ የለውም።

ልፋቱ በዚያ አላበቃም። ቢያንስ ሾፌሯ ልሁን ብሎ አመለከተ። የስምንተኛ ክፍል ምስክር ወረቀት ተጠየቀ፤ አልነበረውም። ቦታው ለወርቄ ተሰጠ፤ እሱ ስምንተኛ ክፍልን አጠናቋል፣ መንጃ ፈቃድም አለው፤ መኪናዋንም በየቀኑ ሰላምታ ሲሰጣት ስለኖረ ከማንም በላይ ያከብራታል ተባለ። ወርቄ ቁልፉን ሲረከብ ኢተፋን ቀና ብሎ አላየውም።

ኢተፋ ወደ ቲማቲሙ ተመለሰ። የገርባን ቶዮታ በተራ ይከራያታል፤ ገርባም አዲሶቹ ጎማዎች እንዳይጎዱ ብሎ አብሮት ይሄዳል። በኅዳር አንድ ቀን ቀትር ላይ ከመልካሳ ጭነው ሲመለሱ፣ ከኋላቸው አቧራ ተነሳ፤ አቧራው ውስጥ ቀይ ይዞራል። ገርባ በመስታወቱ አየና ፊቱ ተቀያየረ።

“ያንተዋ ናት” አለ።

“ዳር ያዝ” አለ ኢተፋ።

“ምን ሆኖ ነው ዳር የምይዝለት! ያንተ እኮ ናት!”

“ገርባ፣ ዳር ያዝ። ሰው ታሞ ይሆናል።”

ገርባ እየተራገመ ቶዮታዋን ወደ እሾሁ አወጣት። ፔጆዋ አዲስ ታርጋ ለጥፋ፣ በሯ ላይ አርማ ተስሎባት፣ በአጠገባቸው አለፈች። ከኋላ አንዲት ሴት የታመመ ልጅ ታቅፋለች። ኢተፋ ግን የሰማው ማርሹን ነው፤ ሦስተኛው ላይ አላግባብ ትጮሃለች። ያ ጩኸት የሚጠፋው በግራ እግር ፍሪሲዮኑን ሁለቴ በመርገጥ እንደሆነ የሚያውቅ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱንም ማንም አልጠየቀውም። ድምፁ በኩርባው ታጥፎ እስኪጠፋ ድረስ ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠ። ከዚያ ወደ ገርባ ዞረና ሳቀ። ሆዱን ይዞ፣ ዓይኑ እንባ እስኪያወጣ፣ “እውነትም መብራቱ ያምርባታል!” እያለ ሳቀ።

እንግዲህ ምያለሁና ልናዘዝ። ሕፃኑ ቲማቲም ላይ መወለዱ፣ “እና ጓዝ” ተብሎ መጻፉ፣ ሦስቱ ማኅተም፣ ወርቄ ሾፌር መሆኑ፣ ይህ ሁሉ እንደ ፀሐይ እውነት ነው። ከራሴ የጨመርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳቁን። ኢተፋ አልሳቀም። ገርባ እንደነገረኝ፣ “ሦስተኛው ላይ ሁለቴ ይርገጥ በለው፣ ወርቄን ካገኘኸው” ብሎት ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።